የጣና ሐይቅ ወለል ታሪክ

የአገራችን ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጣና ሲያወሱ የሚጀምሩት ከደሴቶቹ ገዳማት፥ ከብራና መጻሕፍቱና በዳጋ እስጢፋኖስ ካረፈው የነገሥታት ዐፅም ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ ከተማ በመሠረቱ ጊዜም የሐይቁ ዳር የመንግሥት መቀመጫ ነበረ። ይህ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው፤ ሆኖም ሐይቁ ከነገሥታቱ ሁሉ የሚቀድም፥ በቀለም ያልተጻፈ ታሪክ በወለሉ ሥር ሸሽጎ ኖሯል።

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን ቢበዛ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። ውኃው ድፍርስ ስለ ሆነ ዐይን ወለሉን አያይም። ስለዚህ ሊቃውንት በድምፅ ይመረምሩታል። ከጀልባ የተላከ ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ወለሉን ሲነካ ከፊሉ ተመልሶ ይመጣል፥ ከፊሉ ጭቃውን ዘልቆ ይወርዳል። ለስላሳ ጭቃ በጠባዩ ወደ ውኃ ስለሚቀርብ የሚመልሰው ድምፅ ደካማ ነው፤ የጠጠረ አፈር ግን አጉልቶ ይመልሳል። የመመለሻው ጊዜ ጥልቀቱን፥ የድምፁ ብርታት ደግሞ የአፈሩን ጠባይ ያመለክታል። ነገር ግን ልዩ ልዩ አፈሮች ተመሳሳይ ድምፅ ሊመልሱ ስለሚችሉ፥ በቧንቧ አፈር ወግቶ አውጥቶ ማየት የግድ ነው።

በዌልስ የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ ላምብ፥ ሪቻርድ ቤትስ፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመርና ባልደረቦቻቸው ሁለቱንም አደረጉ። በ2007 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጡት፥ ከሐይቁ ሥር ድምፅን አጉልተው የሚመልሱ አራት ንጣፎች ተገኙ። በዳርቻው የተወጋው አፈር እንዳስረዳው ከሁሉ በላይ ያለው ንጣፍ የጠጠረ ደለል ነው።

ታዲያ በውኃ ሥር ያለ ደለል እንዴት ይጠጥራል? የደምቢያ ገበሬ ይህን ለመመለስ መሣሪያ አያስፈልገውም። በክረምት እግር የሚውጠው ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ ማረሻ እንደሚያስቸግር ያውቃል። ፀሐይ አንድ ጊዜ ያደረቀችው ጭቃ ኋላ ውኃ ቢተኛበትም የቀድሞ ልስላሴው በቀላሉ አይመለስም። እንግዲህ ጣና ደርቆ ነበረ ማለት ነው። በዚሁ ንጣፍ ላይ ወንዞች የቦረቦሩት ፈለግ ጭምር ታይቷል።

ከሐይቁ ጥልቅ ስፍራ የወጣው አፈር ደግሞ ቀጣዩን ይናገራል። ከዛሬ 16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ መካከሉ ረግረግ ነበረ፤ ዛሬ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በቅሎበት ነበረ። ከዚያ ውኃው እየሞላ ሲሄድ መውጫ ስላልነበረው ጥቂት ጨው ጨው አለ፤ በጨዋማ ውኃ የሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች ቅሪት ለዚህ ምስክር ነው። ከ14,750 ዓመት በፊት ግን ሞልቶ ወደ ዐባይ ፈሰሰ፥ ውኃውም ጣፈጠ። ከዚህም በኋላ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፥ ምናልባት ከ12,000 እና ከ8,000 ዓመት በፊት፥ እንደ ገና ጎድሏል።

የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ ቪክቶሪያ ሐይቅም እስከ 15,000 ዓመት በፊት ደረቅ ነበረ። የነጭ ዐባይና የጥቁር ዐባይ ታላላቅ ሐይቆች በአንድ ዘመን ባዶ ነበሩ ማለት ነው። ዐባይን ዘለዓለማዊ አድርገን በትምህርት ቤት ያጠናን ሰዎች ይህን ስንሰማ ካርታውን እንደ ገና መመልከታችን አይቀርም። መገጭ ከጎንደር ደጋ ጠርጎ የሚያወርደው አፈርም በየክረምቱ በዚያው ጥንት በደረቀው ወለል ላይ እየተደራረበ ነው።