ከጥጥ፣ ከቼኒልና ከሴሎፌን የተሸመነ የግድግዳ ልባስ
አኒ አልበርስ፤ ባውሃውስ፣ ደሳው፣ ጀርመን፤ 1929 እ.ኤ.አ.

ባውሃውስ በሚባለው የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሽመና ተማሪ የነበሩት ወይዘሮ አኒ አልበርስ ይህን ጨርቅ የሠሩት፣ በበርሊን አቅራቢያ በበርናው ከተማ በሐኔስ ማየር ንድፍ ይታነጽ ለነበረው የሠራተኞች ማኅበራት ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የግድግዳ ልባስ ይሆን ዘንድ ነው። አዳራሹ ድምፅን መልሶ የሚያስተጋባ ስለ ነበረ መድኃኒቱ ከግድግዳው ይፈለግ ነበር፤ በዚያ ዘመን ለዚህ ይታሰብ የነበረው ከፈይ ግን፣ የእጅ እድፍ እንዳይታይበት ጠቆር ያለ ስለሚመረጥ፣ ከድምፁ ጋር ብርሃኑንም ይውጣል። ተማሪዋም ሁለቱን ተቃራኒ ግብራት፣ ማለት ድምፅን ማፈንንና ብርሃንን መመለስን፣ በአንድ ድርና ማግ ለማዋሐድ አስበው፣ በጀርባው ቼኒል የሚባለውን ፀጉራም ክር፣ በፊቱ ደግሞ ከዕቃ መጠቅለያነት በቀር ለሽመና የማይታሰበውን ሴሎፌን አኖሩ። አሳቡን የቀሰቀሰላቸው፣ ከፍሎሬንስ የገዟት፣ እንዲህ ካለው አንጸባራቂ ነገር በኪሮሽ የተሠራች ትንሽ ቆብ ናት፤ ከእንዲህ ያለች ተራ ዕቃ የአንድ አዳራሽ ጠባይ የሚለወጥበትን ምሥጢር ማየት በእውነቱ ታላቅ ማስተዋል ነው።

የጨርቁ ብርሃንን የመመለስ ኃይል በካሜራ አምራቹ በዘይስ ኢኮን ቤተ ሙከራ ተመረመረ፤ ወይዘሮ አኒም በ1930 ዲፕሎማቸውን ተቀበሉ። ከ1933 ጀምሮ በአሜሪካ በብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ሲያስተምሩ፣ ደቀ መዛሙርታቸው የጨርቅን ገጽ በሣር፣ በወረቀትና በበቆሎ ፍሬ እንዲያጠኑ ያደርጉ ነበር።