ሕዝቡ የማይሰማው ድምፅ

ቤቱ ዲጄነት መለማመድ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ምን ምን ልግዛ?» መልሱም ሁሌ ያው ነው፤ ሁለት ማጫወቻ፣ ሚክሰር፣ ሄድፎን፣ ስፒከር። ዝርዝሩ ስህተት የለበትም። ግን ከእነዚህ መሀል የትኛው ሲጎድል ነገሩ ጭራሽ ዲጄነት መሆኑ እንደሚቀር አይነግራችሁም። እሱን ለማወቅ የዕቃዎቹን ታሪክ ማየት ይሻላል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1960ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ ሳንክቹዋሪ የሚባል ጭፈራ ቤት ነበር። ሕንፃው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ የሚሠራው ፍራንሲስ ግራሶ አንዱ ሸክላ ለሕዝቡ እየተጫወተ ሳለ የሚቀጥለውን በሄድፎን ብቻውን ይሰማና የሁለቱን ምት አጋጥሞ ያስገባዋል። ጨፋሪው ዘፈኑ የቱ ጋ እንደተቀየረ ሳያውቀው ሌላ ዘፈን ውስጥ ይገኛል። ከዚያ በፊት የብዙ ዲጄዎች ሥራ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ማስቀመጥ ነበር።

ይህ ቀድሞ የመስማት ነገር «ኪው» ይባላል። ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ ተጠቃሚው ጋ ከመድረሱ በፊት ለብቻ የሚሞከርበት ቦታ ማለት ነው። አሌክስ ሮዝነር የተባለ የድምፅ መሐንዲስ ይህንን የሚያደርግ ሚክሰር በእጁ ሠራ፤ ቀይ ቀለም ስለተቀባ «ሮዚ» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ የቦዛክ ኩባንያ ለክለቦች የሚሆን ሚክሰር አምርቶ መሸጥ ጀመረ። ዋጋው ግን የክለብ ባለቤት እንጂ የሰፈር ልጅ የሚችለው አልነበረም።

የሰፈር ልጆቹ ብሮንክስ ነበሩ። ነሐሴ 11 ቀን 1973 ሲንዲ ካምቤል ለትምህርት ቤት የሚሆን ልብስ መግዣ ለማግኘት ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ባለው አፓርታማ ውስጥ ድግስ አዘጋጀች። ሙዚቃውን የያዘው ወንድሟ ክላይቭ ነው፤ ኪንግስተን፣ ጃማይካ የተወለደው ኩል ኸርክ። ኸርክ ያስተዋለው ነገር ነበር፦ ጨፋሪው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ የሚቀርባትን አጭር ክፍል ይጠብቃል። እሷን ለማስረዘም የአንዱን ዘፈን ሁለት ቅጂ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘል ጀመር። መርፌውን የሚያሳርፈው ግን በዓይኑ ገምቶ ነው። ድምፁ ግድግዳ የሚነቀንቅ ነበር፤ ምቱ ግን በየዝላዩ ይሰበራል።

ይህ ስብራት እንቅልፍ የነሳው ልጅ ጆሴፍ ሳድለር ይባላል፤ በኋላ ግራንድማስተር ፍላሽ የሆነው። ሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ይማር ነበር። አንድ ቀን ፒት ዲጄ ጆንስ የተባለ ታላቅ ዲጄ የራሱን ዕቃ አስነካው፤ ፍላሽ ሄድፎኑን ሲያደርግ ሕዝቡ የማይሰማውን ሁለተኛውን ሸክላ ሰማ። በቃ፣ መልሱ ተገኘ። መግዣው ግን የለም።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ይህንን ታሪክ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ከሸክላ መርፌ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ወደ 5 ሚሊ ቮልት ነው፤ ሄድፎን አያንቀሳቅስም። ወደ መቶ እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ አለበለዚያ መስመሩ ሰፍቶ ቦታ ይጨርሳል። ማሳደጊያው ሲያጫውት ያንን መመለስ አለበት። ዛሬም የሸክላ ማጫወቻ ገዝቶ ተራ ስፒከር ላይ የሰካ ሰው «ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ» የሚለው ለዚህ ነው፤ ድምፁ ትንኝ የመሰለው ይህ ማሳደጊያ ስለሌለ ነው። ፍላሽ ለእያንዳንዱ ማጫወቻ ማሳደጊያ አዘጋጀና አንድ ስዊች አስገባ፤ ወደ ግራ ሲገፋ የግራውን፣ ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኙን ይሰማል፣ መሀል ላይ ዝም። ስሙንም ሕፃን ለማሳቅ ፊታችንን ሸፍነን ብቅ በምንልበት ጨዋታ «ፒካቡ» አለው።

ሌላም ችግር ነበረበት። ማጫወቻው ላይ ያለው የጎማ ምንጣፍ ሸክላውን ይይዘዋል፤ በእጅ ወደ ኋላ መመለስ አይመችም። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጨርቅ በሸክላው ልክ ቆርጦ፣ አሚዶ ነክሮ፣ በካውያ አደረቀውና ጎማውን ተካ። ከታች ማጫወቻው እየዞረ ከላይ ሸክላው በእጅ ይቆማል። አሁን በየሱቁ የሚሸጠው ምንጣፍ የዚህ ዘመድ ነው።

ማጫወቻውስ? እኔን የሚያስቀኝ ይሄ ነው። የክለብ ምልክት የሆነው ቴክኒክስ 1200 በ1972 ሲወጣ የተሠራው ሳሎን ተቀምጠው ለሚያዳምጡ ሰዎች ነበር። በጊዜው ብዙ ማጫወቻ በጎማ ቺንጋ የሚዞር ነው፤ ቺንጋ ይለጠጣል፣ ሲነሳ ይጎተታል። ይሄኛው ሞተሩ ሳህኑን ቀጥታ ያዞረዋል። በ1979 የመጣው ሁለተኛው ሞዴል ደግሞ በ0.7 ሰከንድ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ይደርሳል፤ በተንሸራታች መቆጣጠሪያም ፍጥነቱን 8 በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማድረግ ይቻላል። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን ወደ 130 ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። የቤት ዕቃ ክለብ ገባ፤ ከዚያ ከክለብ ተመልሶ ቤት መጣ፣ ዋጋው ጨምሮ።

ሲዲው፣ ከዚያም ላፕቶፑ መጣ። ማጫወቻው ስክሪን ላይ ስለገባ ብዙ ሰው ዕቃ የማያስፈልገው ይመስለዋል። ፍላሽ የተቸገረበት ነገር ግን አልጠፋም። ተራ ላፕቶፕ ያለው የድምፅ መውጫ አንድ ነው፤ ሄድፎን ከሰካችሁ ስፒከሩ ዝም ይላል። ለሕዝቡ አንድ፣ ለጆሯችሁ አንድ፣ ሁለት የተለያየ መውጫ ያስፈልጋል። «ኮንትሮለር» የሚባለውን ሳጥን ስትገዙ መብራቱን ሳይሆን ይህንን ጠይቁ፤ የራሱ የድምፅ ካርድ አለው ወይ? የሌላቸው አሉ፤ ርካሽ የሚሆኑትም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሄድፎኑ ባለ ሽቦ ይሁን። ብሉቱዝ ድምፁን ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ያዘገየዋል። በደቂቃ 120 ምት ሲሆን ከምት እስከ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ነው። 200 ዘገየ ማለት የምቱ ግማሽ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ በጆሯችሁ የገጠመው ስፒከሩ ላይ አልገጠመም። ስፒከር ላይ ግን አትጨነቁ። አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለበት ትንሽ ጥንድ ለአንድ ክፍል ይበቃል፤ ጎረቤትም አለ።

ኮንትሮለር መግዣ የሌለው ደግሞ ይህንን ይሞክር። የስልክ ድምፅ ግራና ቀኝ አለው። አንዳንድ የዲጄ አፖች ግራውን ለሕዝቡ፣ ቀኙን ለሄድፎን ይለያሉ፤ ሁለቱን የሚከፍል ልዩ ገመድ ይሰካል። ተራው ማከፋፈያ አይሆንም፤ እሱ አንዱን ድምፅ ለሁለት ሰው ነው የሚያካፍለው። ስቴሪዮው ይቀራል፣ ሁሉም በአንድ ወገን የሚወጣ ሞኖ ይሆናል። ግን ስፒከሩ አንዱን ዘፈን እያሰማ፣ ጆሯችሁ ቀጣዩን ይሰማል።