ጎርናናው የኢስታንቡል ሲምባል

የሲምባል (በዱላ የሚመታ የድራም ነሐስ ሳህን) አምራቹ ዚልጂያን በ2023 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) 400ኛ ዓመቱን አክብሯል። የቤተሰቡ ትረካ ግን ከምሥረታው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1618 ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) ይጀምራል። አቬዲስ የተባለ አርመናዊ ወርቅ ለመሥራት ማዕድን ሲያቀልጥ፣ ወርቁ ቀርቶ ቢመቱት የማይሰበር፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ነሐስ አገኘ ይባላል። ሲምባሉ ለሱልጣኑ ሠራዊት ባንድ ዋለ፤ ቀመሩም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ።

ትረካው ያምራል። ምስጢሩ ቀመሩ ነው መባሉ ግን አያሳምንም። 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ቆርቆሮ ለሚሆነው ለዚህ ቅይጥ የቀረበ ነሐስ ደወል ሠሪዎች ከአቬዲስ በፊትም ያውቁ ነበር። ከባዱ ሥራው ነው። ይህን ያህል ቆርቆሮ የገባበት ነሐስ ቀዝቅዞ ሲመታ እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንጥረኛው እስኪቀላ ያግለዋል፣ ይዳምጠዋል፣ መልሶ ያግለዋል፤ በመጨረሻ ከነግለቱ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ብረት በዚህ ይጠነክራል፤ ይህ ነሐስ ግን ይለዝባል። መዶሻው ሥራውን የሚጀምረው ያኔ ነው። በእጅ ሲቀጠቀጥ የምቱ ጥልቀት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ሲምባልም ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ስል የሆነው ጩኸት ይሰበርና ጎርናና፣ ትንፋሽ ያለው ድምፅ ይወጣል።

በ1929 የቤተሰቡ ተወላጅ አቬዲስ ሦስተኛ በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ፋብሪካ ከፈተ። የኢስታንቡሉም «ኬ ዚልጂያን» በሚለው ስም ቀጠለ። የኒውዮርክ የጃዝ ድራመሮች ልብ የሸፈተው ወደዚህኛው ነበር። ለምሳሌ የጃዝ ጥሩምባ ነፊውን የማይልስ ዴቪስን «ኔፈርቲቲ» (1967) ያዳምጡ። ትንፋሽ መሣሪያዎቹ አንዱኑ ዜማ ይደጋግማሉ፤ በዜማው ሥር አዲስ ነገር እየፈጠረ የሚሄደው በተለይ የቶኒ ዊሊያምስ ድራም ነው። የዱላው ጫፍ ሲምባሉን ሲነካ ምቱ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከሥሩ ጉምጉምታው ይዘረጋል፤ ቀጣዩን ምት ግን አይውጠውም።

በ1970ዎቹ የኢስታንቡሉ ፋብሪካ ተዘጋ። እዚያው ከልጅነታቸው ጀምሮ ሙያውን የተማሩት አጎፕ ቶሙርጁክና መህመት ታምዴገር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን ወርክሾፕ አቋቋሙ። አጎፕ በ1996 ካረፉ በኋላ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ኢስታንቡል አጎፕና ኢስታንቡል መህመት ዛሬም በዚያችው ከተማ ሲምባል በእጅ ይቀጠቅጣሉ። ስሙ አሜሪካ ቢገባም፣ የጥበቡ ወራሾች እነዚህ ናቸው።