ከኖርዝ ኤንድ የማታ ትምህርት ቤት እስከ ዓለም አቀፍ ትብብር፤ የሙያ ምክር አጭር ታሪክ

«መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ አባቶቻችን። ንጉሥ እንኳ ያለ መካሪ ዓመት የማይዘልቅ ከሆነ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ባህሉንና ቋንቋውን በቅጡ ወደማያውቀው አገር የገባ ሰው እንዴት ይዘልቃል? ማኅበራችን 10ኛ ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት፣ ከኑሯችን ጋር በብርቱ ስለተያያዘ አንድ ጉዳይ ጥቂት ልናወጋችሁ ወደድን። ጉዳዩ የሙያ ምክር ነው፤ ይኸውም ሰው ምን ቢማር፣ ምን ሥራ ቢይዝ፣ ከያዘውም ሥራ ወደ ሌላ እንዴት ቢሸጋገር እንደሚሻለው በዕውቀት ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ እርዳታ ነው። አንዳንዶቻችን በአገር ቤት ሳለን «ጋይዳንስ» በሚለው ስሙ እናውቀዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይገንዘቡልን።

የአሜሪካው የሙያ ምክር ታሪክ የሚጀምረው ከዚህችው ከምንኖርባት ከቦስተን ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ኖርዝ ኤንድ የሚባለው ሰፈር ከጣሊያንና ከምሥራቅ አውሮፓ በፈለሱ ስደተኞች ተጨናንቆ ነበር። በ1901 ፖሊን አጋሲ ሾው በሚባሉ በጎ አድራጊ ሴት ገንዘብ የሚረዳ፣ ሲቪክ ሰርቪስ ሃውስ የተባለ ቤት በዚያ ተከፈተ። ቀን በሥራ ደክመው የዋሉ ስደተኞች ማታ ማታ እየመጡ ይማሩበት ነበር። ቤቱን ይመሩ የነበሩት ሜየር ብሉምፊልድ ራሳቸው ሩማንያ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የመጡ ስደተኛ ነበሩ።

በጥር ወር 1908 በዚሁ ቤት ውስጥ የሙያ ምክር ቢሮ ሥራውን ጀመረ። መሥራቹ ፍራንክ ፓርሰንስ ናቸው። ፓርሰንስ የሥራ ማጣትን ምንነት በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ምሕንድስና ተምረው የተቀጠሩበት የባቡር ሐዲድ ኩባንያ ስለከሰረ በብረት ፋብሪካ የጉልበት ሥራ ሠርተዋል፤ ከዚያም አስተማሪ፣ ቆይተውም ጠበቃና የሕግ መምህር ሆነዋል። ምክር ፈልጎ ወደ ቢሮው የሚመጣው ሰው ስለ ራሱ ከመቶ በላይ ጥያቄ ይቀርብለት ነበር። የምክሩም መሠረት ሦስት ነው፤ አንደኛ ራስህን ዕወቅ፣ ሁለተኛ ሥራው የሚጠይቀውንና የሚያስገኘውን ዕወቅ፣ ሦስተኛ ሁለቱን በማስተዋል አመዛዝን። የመጨረሻውን ውሳኔ ግን ባለቤቱ እንጂ መካሪው አይሰጥም።

ፓርሰንስ ቢሮው ዓመት ሳይሞላው በመስከረም 1908 ሞቱ፤ መጽሐፋቸውም በ1909 ከሞቱ በኋላ ታተመ። ሥራው ግን አብሯቸው አልተቀበረም። ብሉምፊልድ ቢሮውን ተረክበው ቀጠሉ። በ1910 የመጀመሪያው ብሔራዊ ጉባኤ እዚሁ ቦስተን ተካሄደ፤ በ1913 ደግሞ በግራንድ ራፒድስ ከተማ ብሔራዊ የሙያ ምክር ማኅበር ተመሠረተ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጉዳዩ የመንግሥታት ሁሉ ጉዳይ ሆነ። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወታደርና ከአገሩ የተፈናቀለው ስደተኛ ሥራ ይሻ ነበርና። አገራችን ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1949 ስለ ሙያ ምክር የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። ሰነዱ ምክሩ በሰውየው ነጻ ምርጫ ላይ እንዲመሠረት ያሳስባል። በ1951 በፓሪስ የሙያ መካሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ተቋቋመ። በ1975 የሥራ ድርጅቱ ስለ ሰው ኃይል ልማት ባጸደቀው ስምምነት ደግሞ፣ የሙያ ምክርና መረጃ ለልጆችና ለወጣቶች ብቻ ሳይሆን ለአዋቂዎችም እንዲዳረስ ተደነገገ።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ የአስተሳሰብ ለውጥ የሚታየው። ቀድሞ የሙያ ምክር በአብዛኛው ከትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ለቆመ ወጣት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ነገር ነበር። ዘመኑ ግን ተለወጠ። ፋብሪካ ይዘጋል፤ አዲስ መሣሪያ የሃያ ዓመት ሙያ ዋጋ ያሳጣል፤ ሰው ከአገር አገር ይሰደዳል። ስለዚህ ምክሩ የዕድሜ ልክ መሆን ይገባዋል የሚለው ሐሳብ እያየለ መጣ። ለምሳሌ ፈረንሳይ በ1991 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ፣ በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛም ቢሆን ፈቃድ ወስዶ ችሎታውንና የወደፊት አቅጣጫውን ከባለሙያ ጋር የሚመረምርበት መብት ሰጠች።

ይሁን እንጂ ሐሳቡን አንድ አገር ብቻውን ሊፈጽመው አልቻለም። ሠራተኛው ድንበር ሲሻገር ምክሩ ከድንበር ይቀራልና። ስለዚህ በአውሮፓ ዩሮጋይዳንስ የተባለው የመካሪዎች መረብ በ1992 ተዘረጋ። በ1999 በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ የብዙ አገሮች ባለሙያዎችና የመንግሥት ሹማምንት ተሰብስበው መከሩ። ከ2001 እስከ 2003 የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት 14 አገሮችን አጥንቶ ውጤቱን በ2004 አሳተመ። ጥናቱ ያሳየው ነገር ልብ የሚባል ነው፤ አገልግሎቱ ያተኮረው በተማሪዎችና በሥራ አጦች ላይ ሲሆን፣ ሥራ ይዞ የሚኖረው አዋቂ ግን በአመዛኙ ተረስቷል።

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በ2004 እና በ2008 ስለ ዕድሜ ልክ ምክር ውሳኔዎች አሳለፈ። በመካከሉ በ2007 የአውሮፓ የዕድሜ ልክ ምክር ፖሊሲ መረብ ተመሠረተ፤ ሥራውንም የሚያስተባብረው በፊንላንድ የሚገኘው የዩቫስኩላ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የመረቡ ትልቅ ቁም ነገር በየአገሩ ተለያይተው ይሠሩ የነበሩትን የትምህርትና የሠራተኛ ጉዳይ ሹማምንት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጡ ነው። አንዱ አገር የሞከረውን ሌላው ሄዶ አይቶ ተምሮበታል። መረቡ በ2015 ሥራውን ሲያጠናቅቅ ለአገሮች የሚሆን የጋራ መመሪያ ትቶ አለፈ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ምክር ብቻውን ግን አይበቃም። ተመካሪው የያዘው ዲፕሎማ ካልታወቀለት መንገዱን አይቶ ከበሩ ይመለሳል። በዚህ ረገድ የአገራችን ዋና ከተማ ድርሻ አላት። የአፍሪካ አገሮች አንዱ የሌላውን የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ እንዲቀበል የሚያደርገው የተሻሻለው ስምምነት በታኅሣሥ 2014 የጸደቀው በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ስሙም የአዲስ አበባ ስምምነት ነው። ይህንኑ ሐሳብ ለዓለም ሁሉ የሚያሰፋው የዩኔስኮ ስምምነት በ2019 ጸድቆ በ2023 በሥራ ላይ ውሏል።

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ይህን ሁሉ ያወጋነው ለማወቅ ያህል ብቻ አይደለም። እኛም ባለፉት 10 ዓመታት ስሙን ሳንሰጠው የሙያ ምክር ስንሰጥ ኖረናል። አዲስ ሰው ሲመጣ ቡና አፍልተን፣ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሩን አስወጥተን፣ «እገሌ ከሚሠራበት ፓርኪንግ ሰው ይፈልጋሉ»፣ «እገሊት ያለችበት የአረጋውያን ቤት ይቀጥራል» እያልን አስገብተናል። በዚህ አናፍርም፤ የብዙ ቤተሰብ ኪራይ የተከፈለው በዚህ ነው።

የሚያሳፍረን ሌላ ነው። በአገር ቤት ለብዙ ዓመታት የመሬት ቀያሽ ሆኖ የሠራ ወንድማችን በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ፓርኪንግ አስገባነው፤ ደስ ብሎን አጨበጨብን። ከስድስት ዓመት በኋላ በአንድ ስብሰባችን ላይ ቀስ ብሎ ተነሥቶ፣ «ሥራ አገኛችሁልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ‹አሁንስ ምን ታስባለህ?› ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለን። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሊቃውንቱ 14 አገሮችን ዞረው ያገኙትን ጉድለት ይህ ወንድማችን በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገረን። ምክራችን የመጀመሪያው ሳምንት ምክር ሆኖ ቀርቶ ነበር። ያም ሆኖ እኛ ልናሳየው የቻልነው የምናውቀውን በር ብቻ ነበር።

ስለዚህ ለሚመጣው ዘመን የምናሳስበው ቀላል ነገር ነው። አዲስ የመጣውን ሰው ሥራ ካስያዝን በኋላ በዓመቱ፣ በሦስት ዓመቱም ተመልሰን እንጠይቀው። ከመካከላችን ነርስ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ መሐንዲስ የሆኑ አባላት ስማቸውን በማኅበሩ መዝገብ አስፍረው ለሚጠይቃቸው ሰው አንድ ሰዓት ይስጡ። እኛ የማናውቀውን ለሚያውቁት እናስተላልፍ፤ በማሳቹሴትስ ማስሃየር የሚባሉት የሥራ ማዕከሎች ሥራ ፈላጊውን ያለ ክፍያ ያስተናግዳሉ፤ ብዙዎቻችን ግን ደጃቸውን ረግጠን አናውቅም። ለልጆቻችንም ቢሆን «ሐኪም ሁን» ብለን ከመወሰናችን በፊት፣ ፓርሰንስ እንዳደረጉት ስለ ራሳቸው እንጠይቃቸው።

ያ ወንድማችን ዛሬ ማታ ማታ እየተማረ የቅየሳ ሙያውን በዚህ አገር ደንብ ሊያድስ ተነሥቷል። ጥያቄው ስድስት ዓመት ዘገየ እንጂ አልቀረም። ለሚቀጥለው ሰው ግን እንዳይዘገይ አደራ እንላለን።

ለ20ኛው ዓመት በዓላችን በሰላም ያድርሰን።