ጠፍ ነው ወይስ እዳሪ?

«ተዘዋዋሪ እርሻ» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ቃል ከወዲሁ ፍርድ ያዘለ ይመስለኛል። ሲሰሙት ገበሬው ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚንከራተት፣ ቤት የለሽ ሰው መስሎ ይታያል። ስንት ዘመን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ቃል ስጎረጉር ስለኖርኩ ይሆናል፣ ነገሩ ይከነክነኛል። የሚዘዋወረውኮ ማሳው ነው!

የመተከልን ጉሙዞች እንውሰድ። በነባሩ አሠራራቸው በበጋ ጫካውን ይመነጥራሉ፤ ሲደርቅ፣ ዝናቡ ሳይገባ ያቃጥሉታል። አመዱ ማዳበሪያ ነው። ማሽላውን፣ ዳጉሳውን፣ ሰሊጡን ይዘሩበታል። ጉቶው አይነቀልም፤ ኋላ ዱሩ የሚያቆጠቁጠው ከእሱ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምርቱ ሲቀንስ፣ አረሙ ሲበረታ፣ አቀንጭራ ማሽላውን ሲመጠው፣ መሬቱን አሳርፈው ሌላ ይመነጥራሉ። ያረፈው መሬት ዱር ይለብሳል እንጂ ከጎሳው እጅ አይወጣም።

«ታዲያ ለምን በበሬ አያርሱም?» ይላል ደገኛው፣ ስንፍና አስመስሎ። ገንዲን የሚያውቅ እንዲህ አይልም። ዝንቡ ከብት በሚፈጅበት ቆላ ዶማ ይዞ መቆፈር ብልሃት ነው። (አሁን በበሬ የሚያርሱ ጉሙዞችም አሉ።)

ከዚያ የሰፈራው ዘመን መጣ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከከምባታና ከሀዲያ የተነሡ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች በበለስ ሸለቆ፣ ፓዌና አካባቢዋ ሰፈሩ። የጣሊያን መንግሥት እርዳታ ታከለበት፤ ትራክተሩ ገባ፤ ጫካው ተጠረገ። ሰፋሪዎቹ ረሃብ ያፈናቀላቸው፣ ብዙዎቹም ሳይወዱ የመጡ ናቸውና በእነሱ አልፈርድም። ጥያቄዬ ለዕቅድ አውጪው ነው፦ ያ ሸለቆ በየትኛው ዓይን ታይቶ ነው ባዶ የተባለው?

ቃሉ ጠፍቶን እንዳይባል፣ ደጋው ራሱ መሬት ያሳርፋል፤ እዳሪ ይለዋል። እዳሪ ባለቤት አለው። ጎረቤት እዳሪውን ገፍቶ ቢያርስበት፣ ገበሬው ችሎት ያቆመዋል። የጉሙዙ መሬት ሲያርፍ ግን ጠፍ ተባለ። አንዱ ቃል ባለቤቱን ያስታውሳል፣ ሌላው ያስረሳል፤ በመዝገብ የሰፈረው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

መቼም ይህ አስተራረስ ሰፊ መሬት ይፈልጋል፤ ሕዝብ ሲበዛ እንደነበረ አይዘልቅም። ዴንማርካዊቷ የኢኮኖሚ ባለሙያ ኤስተር ቦስረፕ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳስረዳችው፣ ሰው ሲበዛ የዕረፍቱ ዘመን እያጠረ፣ የገበሬው ልፋት እየበዛ ይሄዳል። በመተከል ግን መሬቱን ያጠበበው የጉሙዙ መብዛት ብቻ አይደለም። ከሰፈራው በኋላ፣ በተለይም በ2000ዎቹ ዓ.ም.፣ ሰፋፊ መሬት ለባለሀብት በሊዝ ተሰጠ። ለማረፍ የተተወው ሲወሰድ ገበሬው በቀረችው ላይ ቶሎ ቶሎ ይመለሳል፤ ጉቶው ሳያቆጠቁጥ እሳቱ ይደገማል። ደን አውዳሚ ተብሎ ስሙ የሚነሳው ግን አሁንም እሱ ነው።