የመኪና ቀለም ጭረት ጥገና

የመኪና ቀለም ጭረት ጥገና መኪናው በሙሉ ሳይቀባ ጭረት የወጣበትን ወይም ቀለሙ የተፈነጠረበትን ቦታ ብቻ የመሸፈን ሥራ ነው። ሥራው ሁለት ዓላማዎች አሉት። አንደኛው የተራቆተው ብረት እንዳይዝግ መከላከል ነው። ሁለተኛው አዲሱ ቀለም ከአካባቢው ተለይቶ እንዳይታይ ማድረግ ነው። በአዲስ መኪና ላይ ሁለተኛው ዓላማ ቀላል ነው፤ የፋብሪካውን የቀለም ቁጥር ይዞ ማስቀመም ብዙ ጊዜ ይበቃል። በአሮጌ መኪና ላይ ግን ቁጥሩ የሚናገረው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ስለነበረው ቀለም ነው፤ ከዓመታት ፀሐይ በኋላ ስላለው ቀለም አይደለም። ስለዚህ የአሮጌ መኪና ጥገና በአብዛኛው የደበዘዘ ቀለምን የማመሳሰል ሥራ ይሆናል።

በኢትዮጵያ አንድ መኪና ለብዙ ዓመታት፣ አንዳንዴም ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። ቮልስዋገን፣ ላዳና «ዲኤክስ» የሚባለው ቶዮታ ኮሮላ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በመሆኑም በእጅ ያለን መኪና ከዝገት ጠብቆ ማቆየት ከመልክ ያለፈ ጉዳይ ሆኗል። ሞተር ሊታደስ፣ ጎማ ሊለወጥ ይችላል፤ በዝገት የተበላ አካል ግን ተቆርጦ በብየዳ ካልተተካ አይመለስም።

የቀለም ንብርብሮች

የመኪና ቀለም አንድ ወጥ አይደለም። ከብረቱ ጀምሮ ወደ ላይ ሲቆጠር በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ የሚከተሉት ንብርብሮች ይገኛሉ።

• ጸረ ዝገት ንብርብር፦ በብረቱ ላይ በቀጥታ የሚያርፍ ነው።
• ፕራይመር፦ ገጽታውን የሚያስተካክልና ቀለሙ እንዲይዝ የሚያደርግ ነው።
• ቤዝ፦ ዋናው ቀለም ያለበት ነው።
• ክሊር፦ ቀለም የሌለው፣ የሚያብረቀርቅና ከሥሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይ የሚጠብቅ ነው።

የሁሉም ውፍረት ሲደመር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ይህም አንድ ሚሊሜትር አንድ ሰባተኛውን ወይም አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ በፖሊሽ ሊፈተግ የሚችለው በጣም ጥቂት ነው።

በቤዝና በክሊር የመቀባት ዘዴ በዓለም በስፋት የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ መኪኖች ክሊር የላቸውም፤ ላይኛው ንብርብር ራሱ ባለቀለም ነው። ይህን ለማወቅ በማይታይ ቦታ በነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ኮምፓውንድ አድርጎ ማሸት ይበቃል። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ መኪናው ክሊር የለውም፤ ካልያዘ ክሊር አለው።

ቀለም የሚደበዝዝበት ምክንያት

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በቀለሙ ውስጥ ያለውን አያያዥ ሙጫ ይሰባብራል። ሙጫው ሲያልቅ የቀለሙ ዱቄት ብቻ በገጹ ላይ ይቀራል፤ በእጅ ሲነካም እንደ ጠመኔ ይለቃል። ክሊር ባለው መኪና ላይ ጉዳቱ በሌላ መልክ ይመጣል፦ ክሊሩ ወተት ይመስላል፣ ከዚያም እንደ ቅርፊት ይላጣል።

ሁሉም ቀለሞች እኩል አይጎዱም። ቀይ ቀለም፣ በተለይ በአሮጌ መኪኖች ላይ፣ በፍጥነት ወደ ብርቱካናማ ወይም ወደ ሮዝ ያደላል። ነጭ ቀለም መደብዘዙ ባይታወቅም እየዋለ ወደ ቢጫነት ያዘነብላል።

በሰሜን ሸዋ ደጋ

የመንዝ፣ የጊሼና የመርሐቤቴ አገር ለመኪና ቀለም ከባድ ከሆኑ አካባቢዎች አንዱ ነው። የአልትራቫዮሌት ጨረር ከባሕር ወለል በላይ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር፣ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር ደግሞ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። አካባቢው በሰሜን 10 ዲግሪ ኬክሮስ አቅራቢያ ስለሚገኝ በሚያዝያና በነሐሴ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ስለዚህ ወደ ሰማይ የተዘረጉት ኮፈንና ጣራ ከጎኖቹ ቀድመው ይደበዝዛሉ። አንድ መኪና በጣራው፣ በስፖርቴሎውና በፓራውልቱ ሦስት የተለያየ መልክ ሊይዝ ይችላል።

ሌላው ምክንያት መንገዱ ነው። ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደውም፣ ከሙከ ጡሪ በለሚ አድርጎ የጀማን ሸለቆ እያቋረጠ ወደ ዓለም ከተማ የሚወርደውም መንገድ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። በየወረዳው ያለው ኮረኮንች መንገድ የሚያስፈነጥረው ጠጠር የኮፈኑን ፊት፣ ከጎማ ኋላ ያለውን የፓራፋንጎ ጠርዝና የስፖርቴሎውን ታችኛ ክፍል ይፈነቅላል። እንዲህ ያለው ጉዳት ትንሽ ነጥብ ቢመስልም ብዙ ጊዜ እስከ ብረቱ ይደርሳል። ክረምት ሲገባ ጭቃው እርጥበት ይዞ በነጥቦቹ ላይ ይቀመጣል፤ ዝገቱም ከቀለሙ ሥር ለሥር ይስፋፋል። ስለዚህ በበጋ የወጣ ጭረት ከሰኔ በፊት መዘጋት አለበት።

ውርጭም የራሱ ችግር አለው። የቀለም አምራቾች የሚሰጡት የማድረቂያ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላለ ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ጊዜ በግምት እጥፍ ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ደረቅ ቢሆንም ሌሊቱ በረዷማ ነው፤ ጠዋትም ብረቱ ጤዛ ይይዛል። ስለዚህ ብረቱ ከሞቀ በኋላ፣ ረፋድ ላይ በጥላ ሥር መቀባትና መኪናውን ማታ ከደጅ አለማሳደር ይመረጣል።

የጭረቱን ጥልቀት መለየት

ጥገናው የሚወሰነው በጭረቱ ጥልቀት ነው። ቦታው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጥፍር በጭረቱ ላይ በአግድም ይጎተታል።

• ጥፍር ካልያዘው ጭረቱ በክሊሩ ላይ ብቻ ነው። በኮምፓውንድና በፖሊሽ ይጠፋል፤ ቀለም አያስፈልገውም።
• ጥፍር ከያዘውና በውስጡ ግራጫ ወይም ሌላ መልክ ከታየ ፕራይመር ላይ ደርሷል። ቀለምና ክሊር ይፈልጋል።
• የሚያብለጨልጭ ብረት ወይም ቡናማ ዝገት ከታየ ጸረ ዝገት ቀለም ሳይቀባ ሌላ ነገር አይደረግበትም።

በመጨረሻው ሁኔታ ትክክለኛው ቀለም እስኪገኝ መጠበቅ ስሕተት ነው። ዝገቱን አንስቶ በጸረ ዝገት ቀለም ብቻ መሸፈን ለጊዜው መልክ ቢያበላሽም ብረቱን ያድናል፤ ማመሳሰሉ በኋላ ሊደርስ ይችላል።

የውሃ ሙከራ

ቀለም ከማስቀመም በፊት የመኪናው ቀለም በእርግጥ መለወጡን ማጣራት ያስፈልጋል። የደበዘዘው ቦታ በንጹሕ ውሃ ይረጥባል። ሲረጥብ የቀድሞው መልክ ከተመለሰ ቀለሙ ከሥር ደኅና ነው፤ የሞተው ላይኛው ገጽ ብቻ ነው። ውሃው የሻከረውን ገጽ ሞልቶ ብርሃን እንዳይበተን ስለሚያደርግ ነው መልኩ የሚመለሰው። እንዲህ ያለው መኪና ኮምፓውንድና ፖሊሽ ይበቃዋል። ረጥቦም ካልተመለሰ ቀለሙ ራሱ ተለውጧል ማለት ነው። ክሊሩ የተላጠ ከሆነ ግን ፖሊሽ አያድነውም፤ ተፈትጎ እንደገና ክሊር መቀባት አለበት።

በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ ማሸትም እንደ ውሃው ለጊዜው ያወዛል። ሲተን ግን ድብዛዜው ይመለሳል፤ የሚቀረው ቅባት ደግሞ አዲስ ቀለም እንዳይይዝ ያደርጋል።

የቀለም ቁጥር

አምራቾች የቀለም ቁጥሩን ከሞተሩ ክፍል ወይም ከስፖርቴሎው ምሰሶ ላይ ባለ ሰሌዳ ይጽፉታል። በቶዮታ መኪኖች ላይ ቁጥሩ ሦስት አኃዝ ወይም ፊደል አለው፤ ለምሳሌ 040 በብዙ ሃይሉክሶችና ሚኒባሶች ላይ የሚታየው ነጭ ሲሆን 202 ጥቁር ነው።

ቁጥሩ የማይሠራባቸው ሁኔታዎችም አሉ። የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲዎች ሰማያዊ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ መኪናው አገር ከገባ በኋላ የተቀባ ነው። «ቅጥቅጥ» የሚባሉት አይሱዙ አውቶቡሶች አካላቸው በአገር ውስጥ የተሠራ ስለሆነ የሰሌዳው ቁጥር የሚመለከተው ከጃፓን የመጣውን ክፍል ብቻ ነው። በግጭት ምክንያት አንድ ክፍሉ የተቀባ መኪናም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ላይ ቀለሙ የሚነበበው ከመኪናው ከራሱ ነው።

ማመሳሰል

የፋብሪካው ቁጥር መነሻ ነው። ቀማሚው በዚያ መሠረት የተሠራውን ቀለም በጠብታ እየጨመረ ወደ ዛሬው መልክ ያቀርበዋል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ከጭረቱ አጠገብ ያለው ቦታ ታጥቦ በፖሊሽ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀለሙ የሚመሳሰለው። ከቆሻሻውና ከሞተው ገጽ ጋር የተመሳሰለ ቀለም መኪናው በታጠበ ማግስት እንደ ድሪቶ ይታያል።

ናሙናው ጭረቱ ካለበት ክፍል መወሰድ አለበት። በነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ያለው ቀለም ፀሐይ ስላላገኘው የመጀመሪያውን መልክ ያሳያል፤ ቀለሙ ምን ያህል እንደተለወጠ ለመለካት ይጠቅማል እንጂ ለጣራ ወይም ለኮፈን ናሙና አይሆንም።

የተቀመመው ቀለም በካርቶን ላይ ተቀብቶ፣ ደርቆና ክሊር ለብሶ ከመኪናው ጋር ይነጻጸራል። እርጥብ ቀለም ሲደርቅ መልኩ ስለሚለወጥ በጣሳ ውስጥ ማመሳሰል አያስተማምንም። ንጽጽሩ የሚደረገው በቀን ብርሃን በጥላ ውስጥ ነው። ሁለት ቀለሞች በአምፖል ብርሃን አንድ መስለው በፀሐይ ሊለያዩ ይችላሉ።

ለደበዘዘ ነጭ ጥቂት ቢጫና እጅግ ጥቂት ጥቁር ይጨመራል። ለሌሎች ወጥ ቀለሞች በነጭ ማፍዘዝ ይቻላል። በሜታሊክ ቀለም ላይ ግን ነጭ የአሉሚኒየሙን ብልጭታ ያደበዝዛል። የሜታሊክ መልክ በብናኞቹ አቀማመጥ ላይ ስለሚመሠረት በብሩሽ የተቀባ ሜታሊክ በስፕሬይ ከተረጨው ጋር ሙሉ በሙሉ አይመሳሰልም።

በኮምፒውተር የሚቀምሙ ሱቆች ስፔክትሮፎቶሜትር በተባለ መሣሪያ ቀለሙን በሦስት ቁጥሮች ይለካሉ፦ ብሩህነት፣ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ። በዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን የ1976 (እ.ኤ.አ.) ቀመር የሁለት ቀለሞች ርቀት የሦስቱ ልዩነቶች ካሬ ድምር ካሬ ሥር ነው። ለምሳሌ የፋብሪካው ቀይ 40፣ 55፣ 30 ቢሆንና የደበዘዘው 44፣ 49፣ 27 ቢሆን ልዩነቶቹ 4፣ 6 እና 3 ናቸው። ድምሩ 61፣ ርቀቱም 7.8 ይሆናል። 1 ገደማ የሆነ ርቀት በዓይን እምብዛም አይለይም፤ 7.8 ግን ከሩቅ ይታያል።

የጥገናው ቅደም ተከተል

1. ቦታው በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ቅባትና ሰም በማጽጃ ይነሣል።
2. ዝገት ካለ በ180 ወይም በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረት ይፈተጋል። የአሮጌው ቀለም ጠርዝም ደረጃ እንዳይኖረው ይለሰልሳል።
3. በተራቆተው ብረት ላይ ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባል።
4. ጉድጓድ ካለ ስቱኮ በስሱ ይሞላል፤ ሲደርቅ በ320 ከዚያም በ400 ይስተካከላል። ስቱኮ ውሃ ስለሚመጥ ሳይሸፈን ማሳደር አይገባም።
5. ፕራይመር ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ በ600 ወይም በ800 በውሃ ይፈተጋል።
6. የተመሳሰለው ቀለም በስስ ንብርብር እየተደጋገመ ይረጫል። ጠርዙ ላይ እየሳሳ ወደ አሮጌው ቀለም እንዲገባ ይደረጋል፤ ዓይን የሚይዘው ድንበርን ስለሆነ ይህ ትንሽ የቀለም ልዩነትን ይደብቃል።
7. ክሊር ከተቻለ እስከ ክፍሉ ጫፍ ይቀባል።
8. በሚገባ ከጠነከረ በኋላ በ2000 በውሃ ተፈትጎ በፖሊሽ ይነሣል።

በጠጠር ለተመቱ ትናንሽ ነጥቦች ስፕሬይ አያስፈልግም። በቀጭን ብሩሽ ወይም በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ ጠብታ እያኖሩ መሙላት ይቻላል።

የጤና ጥንቃቄ

ሃርድነር የሚጨመርባቸው ክሊሮችና ቀለሞች አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳያኔት ይይዛሉ። በሚረጩበት ጊዜ ወደ ሳንባ ከገቡ ዘላቂ አስም ሊያስከትሉ ይችላሉ። የአቧራ ጭምብል ወይም በአፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ አይከላከላቸውም። በአሮጌ መኪኖች ቀለም፣ በተለይ በቢጫና በቀይ፣ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ፍተጋው በውሃ ቢሆንና ሕፃናት በሌሉበት ቢደረግ ይመረጣል። ቲነር በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከእሳትና ከብየዳ መራቅ አለበት።

ቀለምና ሊብሬ

የመኪናው ቀለም በሊብሬ ላይ ይመዘገባል። ጭረት መሸፈንና ያንኑ ቀለም ማደስ መዝገቡን አይነካም። ማመሳሰል አልሆን ብሎ መኪናውን በሌላ ቀለም ለመቀባት የወሰነ ባለቤት ግን አስቀድሞ መኪናው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት ቢሮ መጠየቅ ይኖርበታል። መልኩ ከሊብሬው ጋር የማይስማማ መኪና በምርመራና በሽያጭ ጊዜ ጥያቄ ያስነሣል።

የሙያው ቃላት

በኢትዮጵያ ጋራዦች የሚነገሩ ብዙ የአካልና የቀለም ሥራ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ስቱኮ መሙያ ልስን፣ ኮፈን የሞተር ክዳን፣ ስፖርቴሎ በር፣ ፓራፋንጎ ከጎማ በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ፣ ፓራውልት የፊትና የኋላ ግጭት መከላከያ፣ ባትላሜራ ደግሞ የተጨረማመተ ቆርቆሮን ቀጥቅጦ የማቃናት ሥራ ነው። ፕራይመር፣ ክሊር፣ ሃርድነርና ቲነር ከእንግሊዝኛ የገቡ ናቸው።