ስንዝር የማይሞላ አፈር

ከማያሚ በስተደቡብ፣ የፍሎሪዳ ኪስ ደሴቶችን እንደ መቁጠሪያ ሰክቶ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር፣ ዊንድሊ ኪ በምትባል ደሴት ላይ አንድ የተተወ የድንጋይ ካባ አለ። ባሕር አቋርጦ ሐዲድ ይዘረጋ የነበረው የባቡር ኩባንያ ከ1908 ጀምሮ ድንጋይ ያወጣበት ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ቦታው ፓርክ ሆኗል። ግድግዳው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ተስተካክሎ ስለተቆረጠ የድንጋዩ ሆድ ዕቃ ወለል ብሎ ይታያል፦ አንጎል የሚመስል ኮራል፣ ከዋክብት የተረጩበት የሚመስል ኮራል፣ የተሰባበረ ዛጎል። ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ባሕሩ ከዛሬው ከፍ ብሎ ሳለ፣ ይህ ሁሉ ሕይወት ነበረው።

ከግድግዳው አናት ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። አፈሩ እሱ ነው። ብዙ ቦታ ላይ አንድ ስንዝር አይሞላም። በላዩ ግን ማሆጋኒ፣ መርዘኛ ሙጫ የሚያንጠባጥብ ዛፍ፣ ቅርፊቱ እየቀላ የሚላጥ ጋምቦ ሊምቦ ተጠጋግተው ቆመዋል። ጋምቦ ሊምቦን የአገሬው ሰው በቀልድ «የቱሪስት ዛፍ» ይለዋል፤ ፀሐይ እንዳቃጠለው እንግዳ ቆዳው ይቀላል፣ ይላጣልም።

እንዲህ ያለውን የባሕር ዳር ደን ፍሎሪዳዎች «ሃሞክ» ይሉታል። የእኛ ገበሬ ቢያየው ጭንጫ ብሎ ያልፈው ነበር፤ በወንጌሉ የዘሪው ምሳሌ ላይ ዘሩ ፈጥኖ የበቀለበትና ፈጥኖ የደረቀበት ዓይነት መሬት ነው። የደጋው አፈራችን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየፈራረሰ የተከማቸ ነው። የኖራ ድንጋይ ግን በዝናብ ሲሟሟ ከውኃው ጋር ይሄዳል እንጂ ይህን ያህል አፈር አይተውም። ደሴቶቹ ላይ አፈር የሚባለው በአብዛኛው የወደቀ ቅጠል፣ የበሰበሰ እንጨትና ሥር ነው፤ ከሰሃራ ተነሥቶ አትላንቲክን የተሻገረ አቧራም ተቀላቅሎበታል። ዛፎቹም ሥራቸውን ዝናቡ በድንጋዩ ውስጥ በቦረቦራቸው ጉድጓዶችና ስንጥቆች ይሰዳሉ። ባጭሩ፣ ደኑ የቆመው ራሱ በሠራው አፈር ላይ ነው። ይህን ሳይረዳ ወደ ደሴቶቹ የመጣ ገበሬ ሁሉ ዋጋ ከፍሎበታል።

ቀደም ብለው ከመጡት አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ፔሪን ናቸው። በሜክሲኮ ካምፔቼ የአሜሪካ ቆንስል ሆነው ሲሠሩ ቃጫ የሚወጣበትን ተክል፣ ሲሳልን፣ አጥንተው ነበር። ሐሳባቸው ሞኝነት አልነበረም፦ ድንጋያማውን መሬት ለበቆሎና ለጥጥ ከማስጨነቅ ይልቅ ድንጋይ የሚወድ ተክል እናምጣለት ነው ያሉት። ኮንግረሱ በ1838 መሬት ፈቀደላቸው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቤተሰባቸውን ይዘው ኢንዲያን ኪ ላይ ሰፈሩ። ነሐሴ 7 ቀን 1840 ሊነጋጋ ሲል፣ ሰሚኖል ከሚባሉት የፍሎሪዳ ነባር ሕዝቦች ጋር በሚካሄደው ጦርነት መካከል፣ በቻካይካ የሚመሩ ተዋጊዎች ደሴቷን ወረሩ። ሚስታቸውና ልጆቻቸው ከቤቱ ሥር ባለው የባሕር ኤሊ ማቆያ ውስጥ ተደብቀው ተረፉ። ፔሪን ግን ተገደሉ።

ሲሳሉ አልሞተም። ያለማንም ተንከባካቢ በደሴቶቹ ድንጋይ ላይ ተባዛ፤ ዛሬም ሰው በሌለባት ኢንዲያን ኪ ላይ ሾሃም ቅጠሉን ዘርግቶ ይታያል። የዚህ ተክል ታሪክ ወደ እኛም አካባቢ ይዘልቃል። በ1893 ሪካርድ ሂንዶርፍ የተባሉ ጀርመናዊ የግብርና ባለሙያ ከፍሎሪዳ 1,000 የሲሳል ቡቃያ አዝዘው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አስጫኑ። በዛሬዋ ታንዛኒያ ወዳለችው ታንጋ ሲደርስ በሕይወት የተገኘው 62 ብቻ ነበር። ከዚያ ጥቂት የተነሣው የታንዛኒያ ቃጫ እርሻ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከዓለም ቀዳሚ እስከ መሆን ደርሷል።

በደሴቶቹ ላይ ገንዘብ ያመጣው ግን አናናስ ነው። በ1860ዎቹ፣ የተሰበሩ መርከቦችን ጭነት በማዳን የሚታወቁት የኪ ዌስቱ ካፒቴን ቤን ቤከር ኪ ላርጎ ላይ አናናስ ማስተከል ጀመሩ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ጉልበቱም ዕውቀቱም በአብዛኛው የባሃማስ ሰዎች ነበር። እነርሱ አገራቸው ላይ፣ እንደዚሁ ባለ የኖራ ድንጋይ ላይ፣ አናናስ ሲያመርቱ የኖሩ ናቸው።

መጀመሪያ መጥረቢያ፣ ቀጥሎ እሳት። የተቆረጠው ዛፍ ይደርቅና ይለኮሳል፤ እሳቱ ሲበርድ ግራጫ አመድ በነጭ ድንጋይ ላይ ተነጥፎ ይቀራል። ማረሻ አይታሰብም። ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ የድንጋዩን ስንጥቅ በዶማ እየፈለገ፣ አመድና ብስባሽ በተጠራቀመበት ሁሉ አንዳንድ ቡቃያ ይሸጉጣል። ተክሉ ሲያድግ ቅጠሉ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣል፤ ያን ጊዜ በመካከሉ ማለፍ ባትን ለጭረት መስጠት ነው። ፍሬው በሰው ሸክም ወደ ባሕሩ ይወርድና በጀልባ ተሻግሮ በባለ ሸራ መርከብ ወደ ኒው ዮርክና ወደ ሌሎች የሰሜን ወደቦች ይጫናል። እንዲህ ሆኖ ኪ ላርጎ ላይ «ፕላንተር» የሚባል መንደር ተቆረቆረ፤ የራሱ ፖስታ ቤት እስኪኖረው ድረስ።

መጀመሪያው ምርት ያማረ ነበር። አመዱ ያበላዋላ። ነገር ግን ሌላ አገር ደን ሲቃጠል ዛፉ ነዶ አፈሩ ይቀራል፤ እዚህ አፈሩ ራሱ ቅጠልና ሥር ስለሆነ አብሮ ይነድዳል። የተረፈውን ዝናብ ወደ ድንጋዩ ቀዳዳ ያጥበዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፍሬው እያነሰ ይሄዳል፣ ገበሬውም መጥረቢያውን አንሥቶ ወደሚቀጥለው ደን ይዞራል። ትርፉ የአናናስ ይባል እንጂ በእውነቱ ደኑ በዘመናት ያጠራቀመው ነበር።

ደሴት ደግሞ ዳር አለው፤ የሚቀጥለው ደን ያልቃል። በጥቅምት 1906 የመጣው አውሎ ነፋስ ከመቶ በላይ የባቡር ሠራተኞችን ገደለ፣ የአናናሱንም ማሳ በጨው ውኃ አጥለቀለቀ። ሐዲዱ ጥር 22 ቀን 1912 ኪ ዌስት ደረሰ። አምራቾቹ ባቡሩ ገበያውን ያቀርብልናል ብለው ነበር፤ ባቡሩ ያቀረበው ግን የኩባን ርካሽ አናናስ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የተለየ ስሌት የነበራቸው እስራኤል ጆንስ ናቸው። በ1858 በሰሜን ካሮላይና የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው ሞዜል የባሃማስ ሴት ነበሩ። በ1897 ፖርጊ ኪ የተባለችውን ደሴት በ300 ዶላር ገዙ፤ በ1911 ደግሞ 212 ኤከር የሆነችውን ቶተን ኪን፣ ኤከሩን በአንድ ዶላር። ለሁለቱ ልጆቻቸው ኪንግ አርተርና ሰር ላንስሎት ብለው ስም አወጡላቸው። ማዕረግ እንዳይመስል፤ «ኪንግ» (ንጉሥ) እና «ሰር» የስማቸው አካል ናቸው። ያ ዘመን ጥቁርን ሰው «ሚስተር» ለማለት እንኳ አፉ የሚተሳሰርበት መሆኑ ሲታሰብ፣ አባትየው የዋዛ ሰው አልነበሩም። ጆንሶች ከአናናሱ ጋር ሎሚ ተከሉ። ሎሚ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ምንጣሮ አይጠይቅም፤ በድንጋዩ ጉድጓድ ሥር ከሰደደ ለረጅም ጊዜ ያፈራል። ቤተሰቡ በዚህ ከበረ።

አውሎ ነፋሶቹ በሎሚውም ላይ መምጣታቸው አልቀረም፤ ወንድማማቾቹ በኋላ ዓሣ አጥማጆችን በጀልባ ወደ መምራት ዞሩ። በ1960ዎቹ አካባቢው ሌላ ምኞት መጣበት። የአንዳንድ ደሴቶች ባለይዞታዎች ድልድይ አስገንብተው፣ ሆቴል አቁመው «አይላንዲያ» የሚባል ከተማ ሊያደርጉት አሰቡ። ላንስሎት አልተስማሙም። በ1970 እርሳቸውና የወንድማቸው ሚስት መሬቱን ለብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በ1,272,500 ዶላር ሸጡ፤ ላንስሎት እስከ ዕድሜ ልካቸው እዚያው የመኖር መብታቸውን አስጠብቀው። በ1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ እስኪያስወጣቸው ድረስም ኖሩ። በ1997፣ በ99 ዓመታቸው አረፉ።

የከተማው ደጋፊዎች ግን በ1968፣ ቦታው በመንግሥት ጥበቃ ሥር ሊገባ መሆኑ ሲታወቅ፣ ኤሊየት ኪ በተባለችው ደሴት ላይ ቡልዶዘር አስገብተው ደኑን መሐል ለመሐል ሰነጠቁት፤ ስድስት መኪና ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ስፋት፣ ሰባት ማይል ርዝመት። መንገዱ የትም አያደርስም፤ ፓርክ የሚያሰኝ ነገር እንዳይቀር ብቻ የተደረገ ነው። ሰው «የእልህ ጎዳና» አለው። ቡልዶዘሩ የጠረገው ያችኑ ስንዝር የማትሞላ አፈር ነበር። ቅጠል በድንጋዩ ስንጥቆች እንደገና ተጠራቀመ፣ ጋምቦ ሊምቦውም ከሁለቱም ጠርዝ እየገፋ ገባ። ዛሬ የቀረው አንድ እግረኛ የሚያሳልፍ ጠባብ መንገድ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ከላይ ተገናኝተውበታል።